ከመስክ ሰዓት እስከ ሙያ ፈቃድ፦ የሶሻል ወርክ ማስተርስ ደረጃ በደረጃ

በሶሻል ወርክ ማስተርስ ለመማር ያሰበ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ስምና ከክፍያ ነው። መጀመር ያለበት ግን ከመጨረሻው ነው፤ ከተመረቀ በኋላ ከሚሠራበት አገርና እዚያ ከሚጠየቀው የሙያ ፈቃድ። ሶሺዮሎጂ የተማረ ሰው ዲግሪውን ይዞ ወደፈለገበት ይሄዳል። ከሶሻል ወርክ ዲግሪ ጀርባ ግን ፈቃድ ሰጪ አካል አለ። የትኛው ፕሮግራም ተቀባይነት እንዳለው፣ ስንት ሰዓት የመስክ ልምምድ እንደሚያስፈልግ፣ ከምረቃ በኋላ ፈተና ይኑር አይኑር የሚወስነው እሱ ነው። ይህን ሳያጣራ የተመዘገበ ሰው ሁለት ዓመት ተምሮ ፈቃድ ሲጠይቅ «የተማሩበት ፕሮግራም ዕውቅና የለውም» ሊባል ይችላል። ዲግሪው እውነተኛ ነው፤ ለዚያ ሥራ ግን አያገለግልም።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተቀመጡት በሚከናወኑበት ቅደም ተከተል ነው። አንዳንዱ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አንዳንዱ ወራት ይወስዳል።

1. የት እንደሚሠሩ ይወስኑ፣ ከዚያ ሕጉን ያንብቡ

በአሜሪካ ዕውቅና የሚሰጠው የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሲኤስደብሊውኢ በሚለው ምኅጻሩ ነው። በማስተርስ ደረጃ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ይጠይቃል። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ግን እያንዳንዱ ግዛት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሕግ ያነባሉ፣ የምክር ቤቱንና የግዛቱን። የፈቃዱ ስምና ደረጃ ከግዛት ግዛት ይለያያል።

በእንግሊዝ ተቆጣጣሪው ሶሻል ወርክ ኢንግላንድ ነው። እዚያ የሚቆጠረው በሰዓት ሳይሆን በቀን ነው፦ 200 ቀን። ከዚህ ውስጥ እስከ 30 ቀን የሚሆነው የክህሎት ሥልጠና ሊሆን ይችላል፤ ቀሪው ባሕርያቸው በሚለያይ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቦታዎች ይሸፈናል፣ አንዱም በሕግ የተሰጠ ኃላፊነት ያለበት ተቋም መሆን አለበት። ብዙ ትምህርት ቤቶች 70 እና 100 ቀን አድርገው ይከፍሉታል። ከምረቃ በኋላ የፈቃድ ፈተና የለም፤ ምዝገባ ነው ያለው። ሳይመዘገቡ «ሶሻል ወርከር» በሚለው መጠሪያ መጠቀም ግን ሕግ መጣስ ነው። ማስተርሱን ሳያጠናቅቁ በድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ብቻ መመዝገብ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ጊዜ ያጠረው ሰው ይህን መንገድ ቢያየው አይከፋም።

በካናዳ በሶሻል ወርክ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው ማስተርሱ አንድ ዓመት ገደማ ነው፤ የመስክ ልምምዱም 450 ሰዓት። ከሌላ ሙያ የመጣ ሰው ሁለት ዓመትና 900 ሰዓት ይጠብቀዋል። ምዝገባው የየክፍለ ግዛቱ ነው። በአውስትራሊያ ደግሞ ወደ ሙያው የሚያስገባው ማስተርስ ሁለት ዓመት ሲሆን ልምምዱ 1,000 ሰዓት ይደርሳል፤ ብዙ ቀጣሪዎችም ለአገሪቱ የሶሻል ወርከሮች ማኅበር አባልነት ብቁ መሆንን ይጠይቃሉ።

አገር ገና ካልቆረጡ ጠንከር ያለውን መስፈርት የሚያሟላ ፕሮግራም ይያዙ። 450 ሰዓት ይዘው 900 ወደሚጠየቅበት አገር ቢሄዱ ጎዶሎውን ለመሙላት እንደገና ተማሪ መሆን ሊኖርብዎት ይችላል።

2. የትኛው መንገድ እንደሚመለከትዎ ይለዩ

የመጀመሪያ ዲግሪዎ በሌላ ሙያ ከሆነ መደበኛውን ሁለት ዓመት ይማራሉ። በአሜሪካ ይህ አብዛኛውን ጊዜ 60 ክሬዲት አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነው የአጠቃላይ ሙያ ትምህርት ሲሆን ሁለተኛው ዓመት የልዩ ዘርፍ ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪዎ ሶሻል ወርክ ከሆነ «አድቫንስድ ስታንዲንግ» የሚባለው አጭር መንገድ አለ። የመጀመሪያውን ዓመት ዘልለው ከ30 እስከ 40 ክሬዲት በሚሆን ትምህርት፣ በአንድ ዓመት ወይም ትንሽ ዘለግ ባለ ጊዜ ይጨርሳሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ይህ ዕድል የተሰጠው ሲኤስደብሊውኢ ዕውቅና ከሰጠው ፕሮግራም ለተመረቀ ነው። በሌላ አገር የተማረ ሰው መጀመሪያ ዲግሪውን በዚያው ምክር ቤት የውጭ ዲግሪ ዕውቅና አገልግሎት ማስመርመር አለበት። ትራንስክሪፕት የሚገመግም ሌላ ድርጅት «ከአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር እኩል ነው» ቢልም ለዚህ ጉዳይ አይበቃም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ዲግሪው ከተያዘ ብዙ ዓመት አልፎት ከሆነም አጭሩን መንገድ አይፈቅዱም፤ የዓመት ገደቡን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለብዙ ዓመት የበጎ አድራጎት ሥራ መሥራት በአሜሪካ ክሬዲት አያስገኝም። የሕይወትም ሆነ የሥራ ልምድን በሶሻል ወርክ ኮርስ ወይም በመስክ ሰዓት ምትክ መቁጠር በዕውቅና ደንቡ ተከልክሏል። ልምዱ የሚጠቅመው ለመግባት ነው፤ ለማሳጠር አይደለም። «ልምድዎን ቆጥረን እናሳጥርልዎታለን» የሚል ፕሮግራም ካጋጠመዎት ዕውቅናውን ሁለት ጊዜ ያጣሩ።

ከዚያ የዘርፍ ጥያቄ ይመጣል። ከግለሰብና ከቤተሰብ ጋር መሥራት፣ በተለይም የምክርና የሥነ አእምሮ ሕክምና መስጠት ከፈለጉ ክሊኒካል የሚባለውን ይይዛሉ። ማኅበረሰብ ማደራጀት፣ ፖሊሲ፣ የድርጅት አመራር ከሆነ ፍላጎትዎ ማክሮውን። ካልቆረጡ ወደ ክሊኒካሉ ማዘንበል ይሻላል እንላለን፤ ምክንያቱም ክሊኒካል ፈቃድ ያለው ሰው ወደ አመራር ለመሸጋገር አይከለከልም፣ በማክሮ የተመረቀ ግን ለክሊኒካል ፈቃድ የሚያስፈልጉ ኮርሶች ጎድለውት ሊገኝ ይችላል። አንዳንድ ግዛቶች የተወሰነ ክሊኒካል ክሬዲት በትራንስክሪፕቱ ላይ ቆጥረው ነው የሚያዩት።

3. ዕውቅናውን ራስዎ ያረጋግጡ

ከትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ሳይሆን ከዕውቅና ሰጪው ዝርዝር ይመልከቱ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሲያዩ ሦስት ነገር ይለዩ። አንደኛ፣ ዕውቅናው የተሰጠው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለፕሮግራሙ መሆኑን፤ ታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ዕውቅና የሌለው ፕሮግራም ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛ፣ ደረጃውን፦ የማስተርሱ ነው ወይስ የመጀመሪያ ዲግሪው ብቻ? ሦስተኛ፣ ሁኔታውን። «ዕጩ» ተብሎ የተመዘገበ ፕሮግራም ገና በሂደት ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ ዕውቅናውን ካላገኘ የእርስዎም ዲግሪ ዕውቅና ከሌለው ይቆጠራል። ዕጩ ፕሮግራም ውስጥ መግባት ስሕተት አይደለም፣ ግን አደጋውን አውቀው ይግቡ።

በርቀት ለሚማር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ የመስክ ልምምድ ቦታ የሚፈልገው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ተማሪው? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በርቀት ትምህርት ሰዎች ከሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ኮርሱ ሳይሆን ቦታ ማጣት ነው።

4. ሰነዶችን ማዘጋጀት

ትራንስክሪፕት ቀድመው ያዝዙ። በውጭ አገር የተማረ ሰው ኮርስ በኮርስ የተተነተነ ግምገማ እንጂ አጠቃላዩን ብቻ ቢያስገባ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይመልሱበታል፤ አማካይ ውጤቱ የሚሰላው ከኮርሶቹ ነውና። ዩኒቨርሲቲዎ ታሽጎ የተላከ ሰነድ ለማውጣት ወራት የሚወስድ ከሆነ ከማመልከቻው ቀነ ገደብ 6 ወር ቀድመው ይጀምሩ።

ከ4.0 ቢያንስ 3.0 አማካይ ውጤት የተለመደ መስፈርት ነው። ከዚያ በታች የሆነ ሰው በቅድመ ሁኔታ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችን ያገኛል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ውጤትዎ ከፍ ያለ ከሆነ ያንን ለይተው ያሳዩ። ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አሁን ብዙ ፕሮግራሞች አይጠይቁትም። የእንግሊዝኛ ፈተናው ግን ከሌሎች ትምህርቶች ጠንከር ሊል ይችላል፤ ሥራው ንግግር ነውና በአይኤልትስ 7.0 የሚጠይቁ አሉ። አጠቃላይ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ክፍል የተቀመጠውን ዝቅተኛ ነጥብ ያንብቡ። አጠቃላዩን አልፎ በጽሑፍ ክፍል ግማሽ ነጥብ ጎድሎት የሚመለስ ሰው አይጠፋም።

በሲቪ ላይ ሰዓት ይጻፉ። «በሕፃናት ማቆያ በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ» ማለት አንባቢውን አያሳምነውም። «በሳምንት 6 ሰዓት፣ ለ40 ሳምንት፣ በድምሩ 240 ሰዓት፤ ከ12 ልጆች ጋር የንባብ ቡድን መርቻለሁ» ቢሉ ግን መዛኙ የሚይዘው ነገር አገኘ። ደመወዝ የተከፈለበትንና ያልተከፈለበትን ይለዩ። ቤተሰብ ውስጥ የታመመ ሰው ማስታመምም ልምድ ነው፤ ቦታው ግን ሲቪው ሳይሆን የግል መግለጫው ነው።

5. የግል መግለጫው

ከማመልከቻው ሁሉ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች 2 ወይም 3 ገጽ ይጠይቃሉ፣ ከ750 እስከ 1,000 ቃል ገደማ። ጥያቄዎቹ በየትምህርት ቤቱ ቢለያዩም መዛኞች የሚፈልጉት አራት ነገር ነው፦ ለምን ይህ ሙያ፣ ስለ አንድ ማኅበራዊ ችግር ምን ያህል ያውቃሉ፣ ራስዎን ምን ያህል ይመረምራሉ፣ ለምን ይህ ትምህርት ቤት።

የመጀመሪያውን ሲመልሱ «ሰዎችን መርዳት ስለምወድ» የሚለውን ይተዉት። ነርሱም መምህሩም እንዲሁ ይላል። ሶሻል ወርክን ከሥነ ልቦና የሚለየው ሰውየውን ከኑሮው ሁኔታ ጋር አብሮ ማየቱ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ለምን ቀረ ሲባል ጭንቀቱን ብቻ ሳይሆን የእናቱን የሥራ ሰዓት፣ የቤት ኪራዩን፣ የትምህርት ቤቱን ደንብ መመልከት ነው። እርስዎም በዚህ መንገድ እንደሚያስቡ በአንድ ጉዳይ ያሳዩ። አንድ ችግር ይምረጡ፣ ለምሳሌ ከእሥር የተፈቱ ሰዎች ሥራ ማጣት። ችግሩ በግለሰቡ፣ በቤተሰቡ፣ በተቋማትና በሕግ ደረጃ እንዴት እንደሚታይ በሁለት አንቀጽ ይተንትኑት። ከጽሑፉ ሲሶው ለዚህ ይዋል።

የራስዎን ሕይወት መጥቀስ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም ይጠየቃል። ልኩ አንድ አንቀጽ ነው። የሚፈለገው የደረሰብዎት መከራ ሳይሆን ከዚያ የተነሣ በሥራው ላይ ምን ሊያስቸግርዎት እንደሚችልና እንዴት እንደሚይዙት ነው። ገና ያልሻረ ቁስል በዝርዝር የተተረከበት መግለጫ መዛኙን ያሳስበዋል፦ ይህ ሰው ተመሳሳይ ችግር ያለበት ተገልጋይ ፊት ሲቀመጥ ማን ማንን ሊያጽናና ነው?

ሦስት ነገሮች መግለጫውን ወዲያው ይጥሉታል። የተገልጋይ ስም ወይም ማንነቱን የሚያሳውቅ ዝርዝር መጻፍ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምሥጢር መጠበቅ የሙያው መሠረት ስለሆነ ከመግባትዎ በፊት ጥሰው ተገኙ ማለት ነው። ሁለተኛው የአዳኝነት ቃና ነው፦ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ እሆናለሁ»፣ «ሕይወታቸውን ቀየርኩ»። ሦስተኛው ለሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ውዳሴ መላክ ነው። «ለምን እዚህ» የሚለውን አንቀጽ የሚጽፉት የኮርስ ዝርዝሩን፣ የመስክ አጋሮቹን፣ የመምህራኑን ጥናት አይተው ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አውጥተው የሌላ ቢተኩበት ትርጉም የሚሰጥ ከሆነ እንደገና ይጻፉት።

ዝቅተኛ ውጤት ካለ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ያስረዱ፦ ምን ሆነ፣ ምን ተለወጠ። ሰበብ አያርዝሙ።

6. የድጋፍ ደብዳቤ

አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 ነው። አንዱ ካስተማረዎት መምህር፣ አንዱ በሥራ ወይም በበጎ ፈቃድ ከተቆጣጠረዎት ሰው ይሁን። ከዘመድ፣ ከጓደኛ፣ ከግል ሐኪም አይሁን። የሃይማኖት አባት የሚጽፈው ደብዳቤ የሚሠራው በእርሱ ሥር ሆነው የሚቆጠር ሥራ ሠርተው ከሆነ ብቻ ነው፤ ስለ ጨዋነት ብቻ የሚመሰክር ደብዳቤ ባዶ ቦታ ይሞላል እንጂ አይጠቅምም። 6 ሳምንት ቀድመው ይጠይቁ። ሲቪዎን፣ የመግለጫዎን ረቂቅና አብራችሁ የሠራችሁትን ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጡ። ቀነ ገደቡ ሊደርስ 10 ቀን ሲቀረው አንድ ጊዜ ያስታውሱ።

7. ገንዘቡ

ዋጋ ሲያወዳድሩ የአንዱን ክሬዲት ዋጋ ሳይሆን ጠቅላላውን ያስሉ፦ የክሬዲት ዋጋ በክሬዲቱ ብዛት፣ ሲደመር የመስክ ክፍያ፣ የሙያ ኃላፊነት መድን፣ የወንጀል ሪከርድ ምርመራ፣ የክትባት ማስረጃና ወደ ልምምድ ቦታ የሚወስድ መጓጓዣ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የማያገኙት ደመወዝ ነው። የመስክ ልምምድ በአብዛኛው አይከፈልበትም፤ በሥራ ሰዓትም ነው የሚከናወነው።

በአሜሪካ ለሕፃናት ደኅንነት ሥራ የሚውል «ታይትል ፎር-ኢ» የተባለ የፌዴራል ድጎማ አለ። ይህን የወሰደ ሰው ከምረቃ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ በመንግሥት የሕፃናት ደኅንነት ተቋም የመሥራት ግዴታ ይገባል፤ ውሉን ካፈረሰ መልሶ ይከፍላል። ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ስመረቅ ክፍት ቦታ ባይኖርስ? በመንግሥት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት የሚሠራ ሰው ደግሞ መስፈርቱን የሚያሟላ 120 ወርሃዊ ክፍያ ከፈጸመ በኋላ የቀረው የፌዴራል ብድር ሊሰረዝለት ይችላል፤ የግል ባንክ ብድር በዚህ አይካተትም። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ «ግራድ ፕላስ» የተባለውን የድኅረ ምረቃ ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ስለሚያስቀር፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ የብድር ምክር ሲያነቡ ይጠንቀቁ።

8. በተማሪ ቪዛ አሜሪካ ለሚሄድ

ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በኤፍ-1 ቪዛ ያለ ተማሪ ከግቢ ውጭ ልምምድ የሚያደርገው ሲፒቲ በሚባለው ፈቃድ ነው። በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ የሆነ ልምምድ እንደ ሙሉ ጊዜ ይቆጠራል። በአንድ የትምህርት ደረጃ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሲፒቲ የተጠቀመ ሰው ከምረቃ በኋላ የሚሰጠውን የ12 ወር የሥራ ፈቃድ፣ ኦፒቲን፣ ያጣል። በሳምንት 24 ሰዓት ልምምድ የሚያስይዝ ፕሮግራም በሁለት የትምህርት ዓመት 18 ወር ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት የትምህርት ቤቱን የመስክ ልምምድ ክፍልና የውጭ ተማሪዎች ቢሮውን አንድ ላይ ያነጋግሩና ልምምዱ በሳምንት 20 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ያስደርጉ። ፈቃዱ እጅዎ ሳይገባ አንድም ቀን አይጀምሩ፣ ያለ ክፍያም ቢሆን።

9. የመስክ ልምምድ

ሶሻል ወርክ የሚለመደው እዚህ ነው፤ ብዙ ነገር የሚበላሸውም እዚሁ።

መጀመሪያ ስሌቱ። 900 ሰዓት በአራት ሴሚስተር፣ እያንዳንዱ 15 ሳምንት ቢሆን፣ 60 ሳምንት ነው፤ በሳምንት 15 ሰዓት ይደርሳል። ነገር ግን በየሴሚስተሩ ሁለት ሳምንት በበዓል፣ በሕመምና ቢሮ በሚዘጋበት ቀን ይባክናል። የሚቀረው 52 ሳምንት ነው፤ ድርሻውም ወደ 17 ሰዓት ከፍ ይላል። 18 ብለው ያቅዱ። በዚህ ላይ 9 ክሬዲት የክፍል ትምህርትና ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት 2 ሰዓት ንባብ ሲጨመር ሳምንቱ 45 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ጋር የሙሉ ጊዜ ሥራ አይገጥምም። በእንግሊዙ አቆጣጠርም 100 ቀን በሳምንት 4 ቀን 25 ሳምንት ነው፣ በ5 ቀን 20። ሥራ መተው የማይችል ሰው በትርፍ ሰዓት ተምሮ በ3 ወይም በ4 ዓመት ቢጨርስ ይሻላል። እሱም ቢሆን ልምምዱ ቀን ቀን መሆኑን አይርሳ፦ የማታና የቅዳሜ ቦታ ጥቂት ነው፣ ተማሪውን በልምምድ ቦታው የሚከታተሉት ተቆጣጣሪዎች የሚሠሩት በቀን ስለሆነ።

ቦታ ምርጫ። ልምምዱ ከመጀመሩ ከ4 እስከ 6 ወር በፊት ለመስክ ክፍሉ ቅጽ ይሞላሉ። ለመጀመሪያው ዓመት ከሚፈልጉት ዘርፍ ውጭ የሆነ ቦታ ይቀበሉ። ልጆች ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው አንድ ዓመት በአረጋውያን ወይም በሆስፒታል ቢያሳልፍ ሁለተኛው ዓመት ላይ የሚያየው ይሰፋል። የሁለተኛውን ዓመት ግን ለመቀጠር እንደሚፈልጉበት ቦታ ይምረጡት፤ የመጀመሪያ ሥራ ከልምምድ ቦታ ወይም እዚያ ከተዋወቁት ሰው የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በቃለ መጠይቁ እርስዎም ይጠይቁ፦ በሳምንት ስንት ተገልጋይ አገኛለሁ? ተቆጣጣሪዬ በየትኛው ቀን ነው የሚያገኘኝ? እሱ በማይኖርበት ቀን ለአደጋ ማንን እጠራለሁ? በአሜሪካ የማስተርስ ተማሪን የሚቆጣጠር ሰው የሶሻል ወርክ ማስተርስና ከሶሻል ወርክ ዲግሪ በኋላ የተገኘ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ሊኖረው ይገባል። ቦታው እንዲህ ያለ ሰው ከሌለው ትምህርት ቤቱ ሌላ ተቆጣጣሪ መመደብ አለበት።

የትምህርት ውል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ሳምንታት ከተቆጣጣሪው ጋር ይጻፋል። በአሜሪካ ምክር ቤቱ ባስቀመጣቸው 9 ብቃቶች ሥር ተግባራት ይዘረዘራሉ። በችኮላ የተሞላ ውል ኋላ ያስከፍላል፤ ምዘናው የሚደረገው በእሱ ነው። «ስለ ግምገማ እማራለሁ» ብሎ ከመጻፍ «እስከ ኅዳር መጨረሻ 6 የመግቢያ ግምገማ፣ 2ቱን በተቆጣጣሪ ፊት፣ 4ቱን ብቻዬን እሠራለሁ» ማለት ይበጃል። ተቆጣጣሪው ፋይል ማደራጀትና ስልክ ማንሣት ብቻ ሲሰጥዎት የሚይዙት ማስረጃም ይኸው ውል ነው።

የሳምንት ቁጥጥር። ከተቆጣጣሪው ጋር ስለ ሥራዎ የሚነጋገሩበት ጊዜ ነው፤ ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ቀኑ የተቆረጠ። ባዶ እጅዎን አይግቡ፤ ሁለት ጉዳይና አንድ ጥያቄ ጽፈው ይያዙ። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከቀረ ለመስክ አስተባባሪው በኢሜይል ያሳውቁ። ቅሬታ አያድርጉት፤ «ቁጥጥሩ በዚህና በዚህ ቀን አልተደረገም፣ እንዴት እናካክሰው?» ይበቃል።

የሂደት ጽሑፍ። ተማሪ ሁሉ የሚጠላው ግን የሚያስተምረው ነገር ነው። ከተገልጋይ ጋር ከተደረገ ንግግር 15 ደቂቃ ያህሉን ይመርጡና በአራት ዓምድ ይጽፉታል፦ የተባለው ቃል በቃል፣ ያስተዋሉት፣ እርስዎ በዚያ ቅጽበት የተሰማዎት፣ የተቆጣጣሪ አስተያየት። በዕለቱ ካልተጻፈ ከማስታወስ ይልቅ ወደ መፍጠር ይሄዳል። ስሙን ይለውጡ፤ ፈቃድ ሳይኖር ድምፅ አይቅረጹ። ሦስተኛው ዓምድ ሁልጊዜ «ደኅና ነበርኩ» የሚል ከሆነ ጽሑፉ አልተሠራም ማለት ነው። ዋናው ነገር ያለው ተገልጋዩ ሲያለቅስ ወሬ የለወጡበት ቦታ ላይ ነው።

ድንበር። ለተገልጋይ የግል ስልክ ቁጥር አይስጡ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ አይቀበሉ፣ ገንዘብ አያበድሩ። ስጦታ ሲመጣ የድርጅቱን ደንብ ይጠይቁ። ተገልጋዩ የሚያውቁት ሰው ሆኖ ከተገኘ በዚያው ቀን ለተቆጣጣሪው ይንገሩ፤ ተናጋሪው ጥቂት በሆነ ቋንቋ የሚሠራ ተማሪ ይህ ይገጥመዋልና አስቀድሞ ይነጋገርበት። በዚሁ ቋንቋ ምክንያት ከሥራዎ ውጭ አስተርጓሚ እንዲሆኑ ከተጠየቁም ሰዓቱን መዝግበው በቁጥጥሩ ላይ ያንሡት። ትንሽ ከሆነ እርዳታ ነው፣ ሲበዛ ግን የመማሪያ ሰዓትዎን ይበላል።

በራስ መሥሪያ ቤት መለማመድ የሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ደመወዝ ስለማይቋረጥ ጥሩ መውጫ ነው። በተለምዶ የሚጠየቀው አዲስ ተግባርና ከሥራ አለቃ የተለየ ተቆጣጣሪ ነው። የሚበላሸው ሥራ በበዛበት ሳምንት መሥሪያ ቤቱ ተማሪነቱን ሲረሳው ነው፤ የልምምድ ቀኖቹን በደብዳቤ ያስለዩ።

ተቆጣጣሪው ሥራ ቢለቅ፣ ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም ቦታው አደገኛ ቢሆን ከአስተባባሪው ጋር ሳይነጋገሩ ጥለው አይውጡ። ቦታ ጥሎ የወጣ ተማሪ በብዙ ትምህርት ቤቶች ኮርሱን እንደወደቀ ይቆጠራል፤ ያለፉት ሰዓታትም ላይያዙለት ይችላሉ። የሰዓት መዝገብዎን በየሳምንቱ ያስፈርሙ። ተቆጣጣሪው በመጋቢት ከለቀቀ የጥቅምቱን ሰዓት ማን ይመሰክራል?

10. የክፍል ትምህርቱ

የሰው ባሕርይና ማኅበራዊ አካባቢ፣ ፖሊሲ፣ የምርምር ዘዴ፣ የተግባር ኮርሶች ይሰጣሉ። ብዙዎች የሚቸገሩበት ምርምር ነው። ስታቲስቲክስ ከረሱ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በፊት ይከልሱ። የሥነ ምግባር ደንቡን ደግሞ ለፈተና ብቻ አያንብቡት፤ የአሜሪካው ሶሻል ወርከሮች ማኅበር ደንብ የቆመባቸው 6 እሴቶች፣ ማለትም አገልግሎት፣ ማኅበራዊ ፍትሕ፣ የሰው ክብር፣ የሰዎች ግንኙነት ዋጋ፣ ታማኝነትና ብቃት፣ በመስክ ላይ እርስ በርስ ሲጋጩ ያገኟቸዋል።

11. ከምረቃ ወደ ፈቃድ

በአሜሪካ ከመመረቅዎ 3 ወር በፊት የሙያ ፈቃድ የሚሰጠውን የግዛትዎን ቦርድ ቅጽ ያውርዱ። አንዳንዶቹ በመጨረሻው ሴሚስተር ለፈተና መቀመጥ ይፈቅዳሉ፤ ንባቡ ሳይረሳ መፈተን ይጠቅማል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው የሶሻል ወርክ ቦርዶች ማኅበር ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የማስተርስና የክሊኒካል ደረጃዎች አሉት። ልምድ ያላቸው ሰዎች ጭምር የሚወድቁበት ምክንያት ጥያቄዎቹ «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»፣ «ከሁሉ የተሻለው የቱ ነው?» የሚሉ መሆናቸው ነው። ሁሉም ምርጫ ትክክል ሊመስል ይችላል። በቢሮዎ የሚደረገውን ሳይሆን ደኅንነትን ያስቀደመ፣ ከመፍትሔ በፊት ግምገማን ያስቀመጠ፣ የተገልጋዩን ውሳኔ ያከበረውን ይምረጡ።

ለክሊኒካል ፈቃድ ከምረቃ በኋላ በቁጥጥር ሥር የሚሠራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ በብዙ ግዛቶች ከ2 ዓመት ባላነሰ ጊዜ ወደ 3,000 ሰዓት ነው። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከተመረቁበት ቀን ነው ብለው አይገምቱ፤ ብዙ ቦርዶች መጀመሪያ የማስተርስ ደረጃ ፈቃድ ወይም የጸደቀ የቁጥጥር ዕቅድ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ በፊት የተሠራው አይያዝም። የሥራ ቅጥር ሲደራደሩ ቁጥጥሩን መሥሪያ ቤቱ በነፃ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከውጭ ቀጥሮ መክፈል ውድ ነው። የግለሰብና የቡድን ቁጥጥሩን ለይተው ይመዝግቡ፣ ቡድኑ የሚቆጠርበት ጣሪያ ሊኖረው ይችላልና።

ማስተማር የሚያስቡ ከሆነ በቀጥታ ወደ ዶክትሬት አይሩጡ። በአሜሪካ የተግባር ኮርስ ለማስተማር ማስተርሱና ከእሱ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት የሙያ ሥራ ይጠየቃል፤ ዶክትሬቱ ይህን አይተካም።

የኮርስ ዝርዝሮችን፣ የትምህርት ውሉን፣ የተፈረመውን የሰዓት መዝገብና የመስክ ምዘናውን በሁለት ቅጂ ያስቀምጡ። ወደ ሌላ ግዛት ወይም አገር ሲዛወሩ ቦርዱ «በዚህ ኮርስ ምን ተማሩ?» ብሎ ዝርዝሩን ሊጠይቅ ይችላል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ያንን ወረቀት ላያገኘው ይችላል።